ልጆቻችሁ ስለ ድንጋዩ ሲጠይቁ

በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለንባብ የተዘጋጀ

የንባብ ክፍል፦ ኢያሱ 4፥1-9፤ ሉቃስ 3፥14፤ ሮሜ 5፥6-10

በሬዲዮ ስትከታተሉን የነበራችሁም፣ ይህን ወረቀት አገና ገበያ መውጫ ላይ ወይም ወልቂጤ መናኸሪያ ተቀብላችሁ ኪሳችሁ ውስጥ የከተታችሁም፣ ዛሬ ጥቂት ደቂቃ ስጡኝ። ስለ አንድ ጥያቄ ልነግራችሁ ነው። ጥያቄው የእኔ አይደለም፤ የአንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው።

የካቲት 12 ካለፈ በኋላ በነበረው እሑድ፣ አምልኮው አልቆ ሰው ሲበተን ልጅቱ ወደ ኋላ ቀረች። "መጋቢ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?" አለችኝ። "ጠይቂ ልጄ" አልኳት።

"በትምህርት ቤት የሰማዕታት ቀን ተብሎ ተሰለፍን። ባንዲራው ዝቅ አለ። አንድ ደቂቃ ዝም ብለን ቆምን። በኋላ አንዷ ጓደኛዬ፣ እሷም ጌታን የምታውቅ ናት፣ 'ለሞተ ሰው መቆም ጣዖት ማምለክ ነው፤ እኔ አልቆምኩም' አለችኝ። እኔ ግን ቆሜያለሁ። በደልኩ እንዴ?"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደክሞኝ ነበር። "አይ፣ ምንም የለውም" ብዬ ላልፍ ስል ሁለተኛውን ጥያቄ ጨመረችልኝ። "ደግሞ መጋቢ፣ የሞቱት እነማን ናቸው? የቆምነው ለማን እንደሆነ ማንም አልነገረንም።"

ወገኖቼ፣ በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ። አሁን ግን የልጅቱን ጥያቄ ይዘን ወደ እግዚአብሔር ቃል እንሂድ።

ድንጋዩ የተተከለው ልጅ እንዲጠይቅ ነው

በኢያሱ ምዕራፍ 4 ሕዝቡ ዮርዳኖስን በደረቅ ተሻግሮ ሲያበቃ፣ እግዚአብሔር ከየነገዱ አንድ ሰው ተመርጦ ከወንዙ መካከል አሥራ ሁለት ድንጋይ ተሸክመው እንዲያወጡ አዘዘ። ድንጋዮቹም በጌልገላ ተተከሉ። ለምን? ምክንያቱ እዚያው ተጽፏል። ወደፊት ልጆች የድንጋዩን ትርጉም አባቶቻቸውን ሲጠይቁ፣ አባቶች የዮርዳኖስ ውኃ እንዴት እንደተቋረጠ እንዲነግሯቸው ነው።

እስቲ ልብ በሉ። እግዚአብሔር ለድንጋዩ ስገዱ አላለም። ዕጣን አጢሱለት፣ ስለት አግቡለት አላለም። ልጅ ሲጠይቅ መልሱለት ነው ያለው። ድንጋይ ዲዳ ነው። የሚናገረው አባት ነው፣ የምትናገረው እናት ናት። አባት ዝም ካለ ድንጋዩ ተራ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። እረኛ ይቀመጥበታል፣ ፍየል ትዘልበታለች፣ ትርጉሙን የሚያውቅ የለም።

በአገራችንም እንዲህ ያሉ ድንጋዮች ሞልተዋል። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ የዩጎዝላቪያ ቀራጮች የሠሩት የሰማዕታት ሐውልት ቆሟል። ጎኑ ላይ የተቀረጸው የተገደሉ ሰዎች ሥዕል ነው። እዚያው አካባቢ ያለው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በኋላ "የካቲት 12" ተብሎ ተሰይሞ ነበር። ትምህርት ቤቱ ራሱ፣ በስሙ፣ መታሰቢያ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ደግሞ ሊሴ ገብረ ማርያም አለ። ከነጻነት በኋላ የተከፈተ ትምህርት ቤት ነው። ከእኛ አገር ወጥተው መርካቶ የነገዱ አባቶች ልጆችም እንደ ሌላው የአዲስ አበባ ልጅ በበሩ አልፈዋል። ስሙን ደብተር ላይ የጻፈ ስንት ተማሪ አለ! ግን ገብረ ማርያም ማነው? የት ወደቀ? ብዙው አያውቅም። እኛም አናውቅም። የወደቁት ግን እዚሁ እኛ አገር፣ በጉራጌ ምድር፣ ጎጌቲ ላይ ነው።

ስለዚህ ልጅቱ የጠየቀችውን ልመልስ። እናንተም ልጆቻችሁ ሲጠይቋችሁ መልሱ።

ደብተራቸውን ጥለው የሄዱ ልጆች

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ሆለታ የምትባል ከተማ አለች። በ1927 ዓ.ም. እዚያ የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሆለታ ገነት ይባላል። አስተማሪዎቹ ከስዊድን የመጡ መኮንኖች ነበሩ፤ አለቃቸው ካፒቴን ቪኪንግ ታም ይባል ነበር። ተማሪዎቹስ? ከተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት፣ ከምኒልክ ትምህርት ቤት፣ ፈረንሳይኛ ከሚያስተምሩ ቤቶች የተመረጡ ልጆች ነበሩ። ዛሬ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በምንለው ዕድሜ ላይ ያሉ፣ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያሉ። ጢም ያላበቀለ ብዙ ነበረበት።

ኮርሳቸውን አልጨረሱም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣሊያን ጦር የመረብን ወንዝ ተሻገረ። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ ጦራችን ተሸነፈ። በሚያዝያ ወር ጠላት በመኪና ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ፣ በመንገዱ ላይ የተሰለፈ ጦር አልነበረም ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ እነዚህ ልጆች ከስዊድናዊ አስተማሪዎቻቸው ጋር ወደ ጣርማ በር ወጡ። ጣርማ በርን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከደብረ ብርሃን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ያለው ብርዳም ጫፍ ነው። የያዙት ጦር አዲስ ምልምል ነበር። አውሮፕላንና ታንክ በሚመጣበት መንገድ ላይ መንገዱን ሰብረው ጠላትን ለጥቂት ጊዜ አዘገዩት እንጂ ማስቆም አልቻሉም። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተያዘች።

ከዚህ በኋላ ወደ ቤት መመለስ ይቻል ነበር። አንዳንዱ ተመልሷል፤ አንዳንዱም ተሰዷል። የቀሩት ግን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ነቀምት ሄዱ። እዚያም ከሌሎች የተማሩ ወጣቶች ጋር ሆነው "ጥቁር አንበሳ" የሚባል ማኅበር መሠረቱ። ሊቀመንበሩ እንግሊዝ አገር የተማረው የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ዓለመ ወርቅ በየነ ነበር። ፈረንሳይ አገር ሴን ሲር የተማረው የሆለታው አስተማሪ ክፍሌ ናሲቡ ነበረበት። የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ልጆች፣ ቢንያምና ዮሴፍም እንግሊዝ አገር ከተማሩ በኋላ መጥተው ከእነርሱ ጋር ሆኑ። በኋላም ልዑል ራስ እምሩ መሪነቱን ተቀበሉ።

በሰኔ ወር 1928 ዓ.ም. ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች ነቀምት አጠገብ ቦነያ ላይ አረፉ። ከፍተኛ መኮንኖች ነበሩባቸው፤ ጄኔራል ማልዮኮ ከእነርሱ አንዱ ነው። የሆለታ ልጆች ሌሊት ሄደው አጠቋቸው። አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ፤ መኮንኖቹ ሞቱ። በሕይወት የተረፈው አብሯቸው የመጣ አንድ ቄስ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ በዝናብና በጭቃ፣ በረሀብና በወባ ወደ ደቡብ ሲያፈገፍጉ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ ላይ ተከበቡና ከራስ እምሩ ጋር እጅ ሰጡ።

ከሁለት ወር በኋላ የካቲት 12 ሆነ። አዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተጣለ። በሦስት ቀን ውስጥ ከተማው በደም ተጥለቀለቀ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት በኋላ የሟቾቹን ቁጥር 30 ሺህ ብሎ አስታውቋል። ከዚያ በኋላ የተማረ ወጣት እየተለቀመ ተረሸነ። እጃቸውን የሰጡት የሆለታ ልጆች፣ ክፍሌ ናሲቡ፣ ቢንያምና ዮሴፍ፣ ሁሉም ከተገደሉት ውስጥ ናቸው።

በእኛ አገርስ? በዚያችው በየካቲት 12 ቀን፣ አዲስ አበባ ስትቃጠል፣ እዚህ ጎጌቲ ላይ የራስ ደስታ ዳምጠው ጦር ተከቦ የመጨረሻውን ውጊያ ይዋጋ ነበር። ደጃዝማች ገብረ ማርያም እዚያ ወደቁ። ደጃዝማች በየነ መርዕድ ተይዘው ተረሸኑ። ራስ ደስታ ከከበባው ቢያመልጡም ተያዙ፤ የካቲት 17 ቀን ቡታጅራ ላይ ተረሸኑ። በአውቶቡስ ስናልፍ ሻይ የምንጠጣባት ቡታጅራ!

ልጄ፣ የቆምሽው ለእነዚህ ነው።

ገበሬውን አትንኩ

አሁን አንድ ነገር አስተውሉልኝ። የጥቁር አንበሳ ልጆች ሲሰባሰቡ መጀመሪያ ካደረጉት አንዱ ሕግ ማውጣት ነበር። ጥይት ሳይሞላላቸው፣ ስንቅ ሳይኖራቸው ሕግ አወጡ። ከሕጉ መካከል፦ ገበሬው አይዘረፍ፣ አይንገላታ፤ የተማረከ ጠላት በሰብአዊነት ይያዝ፤ አገር ጥሎ መሰደድ አይፈቀድ፤ ከመማረክ ሞት ይመረጥ የሚሉ ነበሩበት።

በዚያ ዘመን የጦር ሠራዊት ሲያልፍ ገበሬ ምን እንደሚደርስበት አባቶቻችን ያውቃሉ። ጎተራ ይገለበጣል፣ በግ ይታረዳል፣ ጉድጓድ ተቆፍሮ ቆጮ ይወጣል። የገዛ አገሩ ጦር ነው ይህን የሚያደርገው። እነዚህ ልጆች ግን ርቧቸው ሳለ "ገበሬውን አትንኩ" አሉ።

ወደ ሉቃስ 3፥14 ሂዱ። ጭፍሮች መጥተው መጥምቁ ዮሐንስን "እኛስ ምን እናድርግ?" ሲሉት፣ ማንንም በግፍ እንዳይነጥቁ፣ በሐሰት እንዳይከሱ፣ በደመወዛቸውም እንዲረኩ ነገራቸው። ዮሐንስ መንግሥተ ሰማያትን የጀመረው ከጎተራው ነው። መሣሪያ በእጅህ ሲሆን፣ የሚያይህ ሰው ሲጠፋ፣ ርቦህ ሳለ፣ የደካማውን ጎተራ ትነካለህ ወይስ አትነካም?

ይህ ለወታደር ብቻ አይደለም። ገበያ ላይ ሚዛን የምትይዝ ወንድሜ፣ ያቺ ከገጠር የመጣች እናት ቁጥር አታነብም። ቢሮ ውስጥ ማኅተም የያዝሽ እህቴ፣ ገበሬው ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። ለአንዳንዳችን መሣሪያው ሚዛን ነው፤ ለአንዳንዳችን ብዕር ነው። የሆለታ ልጆች ጌታን ያውቁ ነበር አይልም ታሪኩ። እንግዲህ እነርሱ በረሀብ ውስጥ ሆነው ይህን ካሰቡ፣ ጌታን አውቃለሁ የምንለው እኛ ጠግበን ሳለ ምን ልንል ነው? አሜን ለማለት እንኳ ይከብዳል፣ አይደል?

ሕጉ የተሰበረበት ወንዝ

ግን ታሪኩን በሙሉ ልንገራችሁ። ግማሹን መርጦ ማውራት ሐሰት ነው። ከሕጋቸው አንዱ ከመማረክ ሞትን መምረጥ ነበር፣ አይደል? ጎጀብ ወንዝ ላይ ግን እጅ ሰጡ።

እኔ አልፈርድባቸውም። በሞቀ ቤት ተቀምጦ በዚያ ጭቃ ውስጥ በነበረ ልጅ ላይ የሚፈርድ ሰው ማነው? ተከበዋል፤ ተርበዋል፤ ታመዋል። እጃቸውን ሰጥተውም አልተረፉም። ግን ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን። ሰው መልካም ሕግ ማውጣት ይችላል። እስከ መጨረሻው መጠበቅ ግን አይችልም። እኔም በአዲስ ዓመት ስንት ጊዜ ቃል ገብቻለሁ! እናንተም ገብታችኋል። ሁላችንም የየራሳችን ጎጀብ አለን፤ የማልነውን ያጠፍንበት ወንዝ።

እነዚያ ልጆች ክብር ይገባቸዋል፤ ሮሜ 13 ክብር ለሚገባው ክብርን እንድንሰጥ ያስተምረናል። ግን የእነርሱ ሞት የእኔን ኃጢአት አያነጻም፤ የእናንተንም አያነጻም። በመድረክ ላይ "በደማቸው አዳኑን" ሲባል እንሰማለን። አገርን ነጻ ለማውጣት ከሆነ፣ አዎን፣ ደማቸውን አፍስሰዋል። ነፍስን ለማዳን ግን የፈሰሰው ደም አንድ ብቻ ነው። ይህን ሁለቱን አታደባልቁ። ሲደባለቅ ሁለቱም ይረክሳሉ፤ ሟቹ የማይችለውን ሸክም ይሸከማል፣ የጌታም መስቀል እንደ ማንኛውም ጀግንነት ይቆጠራል።

በሆዴ የያዝኩት

አሁን ያን ሌሊት ለምን እንዳልተኛሁ ልንገራችሁ። ይህን በሬዲዮ ስናገር ድምፄ ተቋርጦ ነበር፤ በጽሑፍ ይሻለኛል።

ታላቅ ወንድም ነበረኝ። በ1970ዎቹ ብሔራዊ ውትድርና የታወጀ ጊዜ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። አንድ የገበያ ቀን እናቴ "ቂቤውን ይዘህ ገበያ ሂድ" አለችኝ። እኔ ግን ከጓደኞቼ ጋር ጀፎረው ላይ ኳስ ልጫወት ቀጠሮ ነበረኝ። "ሆዴን አመመኝ" ብዬ ተኛሁ። ወንድሜ ደብተሩን አስቀምጦ በእኔ ፈንታ ሄደ። ገበያው መሀል አፈሳ ነበር። ወሰዱት።

አንድ ደብዳቤ ከሰሜን ጻፈልን። ሁለተኛ አልመጣም። መርዶም አልመጣም። እናንተ ወላጆች፣ መርዶ ያልመጣለት ሞት ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። አይለቀስም፤ ተስካር አይወጣም፤ ልብስ አይሰጥም።

ለመስቀል ሁሉም ወደ አገሩ ይገባል። ከአዲስ አበባ፣ ከጅማ፣ ከየትም። እናቴ በየዓመቱ ለመስቀል የወንድሜን ክትፎ በጣባ ለይታ ታስቀምጥ ነበር። ሲመሽ ማንም ሳያያት ታነሣዋለች። ሰዎች ሊያጽናኑኝ ሲሉ "አንተ እንኳ አልሄድክ" ይሉኛል። እኔ የማውቀው ግን ሌላ ነው። እኔ ሄጄ ቢሆን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ማንም አይወስደኝም ነበር። ቂቤውን ሸጬ እመለስ ነበር። እርሱም ይተርፍ ነበር። ይህን ሃያ ዓመት በሆዴ ይዤ ኖርኩ። ጌታን ካገኘሁ በኋላም ይዤው ሰበክሁ። የመታሰቢያ ቀን ሲሆን ከከተማ እወጣ ነበር። "ሐውልት የአማኝ ነገር አይደለም" እል ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነበር፤ ፈርቼ ነው። ድንጋዩ እንዳይጠይቀኝ ፈርቼ።

አንድ የመስቀል ማታ እናቴ ጣባውን ስታነሣ ደረስኩባት። ተንበረከክሁና ነገርኳት። "እማዬ፣ ያን ቀን ሆዴን አላመመኝም ነበር።"

ዝም አለች። ከዚያ "አውቃለሁ ልጄ" አለችኝ። "ያኔውኑ አውቄያለሁ። ዓይንህን አይቼ አውቄያለሁ። ግን እርሱን 'ተነሥና ሂድ' ያልኩት እኔ ነኝ። እኔስ ለማን ልንገር?"

ሁለታችንም በአንድ ቤት፣ በአንድ ምድጃ ዙሪያ፣ አንዱን ሸክም ለየብቻ ተሸክመን ሃያ ዓመት ኖረናል። ያን ማታ ሮሜ ምዕራፍ 5ን አነበብኩላት። ሰው ለጻድቅ እንኳ መሞት ይከብደዋል፤ ለመልካም ሰው ምናልባት የሚደፍር ይገኛል፤ ክርስቶስ ግን ገና ኃጢአተኞች፣ ገና ጠላቶች ሳለን ሞተልን።

ወንድሜ በእኔ ፈንታ ሄደ፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን አላወቀም። ቢያውቅ ይቀር ነበር፤ እኔም ብሆን እቀር ነበር። ኢየሱስ ግን ወዴት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። የእኔን ውሸት ያውቅ ነበር። ሆዴን እንዳላመመኝ ያውቅ ነበር። አውቆ በእኔ ፈንታ ሄደ። የወንድሜ መሄድ በደለኛ አደረገኝ፤ የኢየሱስ መሄድ ግን በደሌን ወሰደው። ልዩነቱ ይህ ነው። እናቴ ያን ማታ አለቀሰች። ለመጀመሪያ ጊዜ ለልጇ አለቀሰች። በማግስቱ ጎረቤት ጠርተን ለቅሶ ተቀመጥን፤ ከሃያ ዓመት በኋላ!

ከበቀል የሚያስጥል መታሰቢያ

አንድ ነገር ልጨምር። መታሰቢያ ጥላቻን ለማሳደግ ሊውል ይችላል። ልጅን ድንጋይ ፊት አቁሞ "እንዲህ ያደረጉን እነ እገሌ ናቸው፤ አትርሳ" ማለት ቀላል ነው። ቦነያ ላይ ጠላት ሞተ፤ አዲስ አበባ ላይ ጠላት ተበቀለ። ደም ደምን እየጠራ የት ያቆማል?

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሡ አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ልጆቻቸው ለተረሸኑባቸው ሰዎች ክፉን በክፉ እንዳይመልሱ፣ በእጃቸው የወደቀውን ጠላት እንዳይጎዱ ተናገሩ። ልጇን ያጣች እናት ያን ስትሰማ ምን ተሰማት? ቀላል አልነበረም። ግን ሮሜ 12 የሚያስተምረን ይህንኑ አይደለም እንዴ?

በዚያው የጣሊያን ዘመን ወላይታ ላይ የሆነውንም ሽማግሌዎቻችን ያውቃሉ። ሚስዮናውያኑ በ1929 ዓ.ም. ተገደው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች ከሃምሳ አይበልጡም ነበር። ታሰሩ፣ ተገረፉ። ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ግን አማኙን በሺዎች አገኙት። የተገረፉት አልተበቀሉም፤ ወንጌልን ተናገሩ እንጂ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ለዚያች ልጅ በሚቀጥለው እሑድ የመለስኩላትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

መቆምሽ ኃጢአት አይደለም። ለሞተ ሰው አንጸልይም፤ ለድንጋይ አንሰግድም፤ የሞተውንም አማላጅ አናደርግም። ግን ስለ እኛ ለደከሙት በአክብሮት ዝም ብሎ መቆም መልካም ነው። በዚያች በአንድ ደቂቃ ዝምታ ውስጥ እግዚአብሔርን አመስግኚ፤ ልጃቸውን ላጡ ጸልዪ። ያልቆመችውንም ጓደኛሽን አትንቀፊያት፤ በሕሊናዋ ጌታን ልታከብር ነው ያሰበችው። ቁጭ ብላችሁ ኢያሱ 4ን አብራችሁ አንብቡ።

እናንተ ወላጆች፣ ልጅ ሲጠይቃችሁ መልሱ። በየቤታችን ስሙ ያልተጻፈ አለ። የጣሊያን ዘመን ይሁን፣ የደርግ ዘመን ይሁን፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜኑ ጦርነት ይሁን፣ ሄዶ ያልተመለሰ አለ። ስሙን በመጽሐፍ ቅዱሳችሁ ገጽ ላይ ጻፉት። ለልጆቻችሁ ጥሩትላቸው።

እናንተ ምእመናን፣ መርዶ ሳይመጣላት የምትጠብቅ እናት በጎረቤታችሁ አለች። ጥቅስ ይዛችሁ አትሩጡባት። ቡናዋን ጠጡላት። ስለ ልጇ ጠይቋት። "ምን ይወድ ነበር?" በሏት። ሰው የልጇን ስም ሲጠራላት ለስንት ዓመት አልሰማች ይሆን!

አንተም በሆድህ የያዝከው ያለህ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ለማን ልንገር የምትሉት ሁሉ፦ አንድ ሌላ ድንጋይ ልንገራችሁ። በመቃብር አፍ ላይ የተገጠመ ድንጋይ ነበር። ሴቶቹ ማልደው ሲሄዱ "ማን ያንከባልልልናል?" ይባባሉ ነበር። ሲደርሱ ተንከባልሎ አገኙት። የሰው መታሰቢያ ሁሉ የሚነግረን "እዚህ ወደቀ" ብሎ ነው። ያ ድንጋይ ግን "እዚህ የለም፤ ተነሥቷል" የሚለውን የምሥራች አሳየን። ስለዚህ የሞት ወሬ የመጨረሻው ወሬ አይደለም። ለበደለኛም ይቅርታ አለ። ሃያ ዓመት ለቆየ ውሸትም ይቅርታ አለ።

ዛሬ ልብህን ልትሰጠው ከወደድክ እንዲህ ብለህ ጸልይ፦

"ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ የደበቅሁትን አንተ ታውቀዋለህ። በእኔ ፈንታ እንደሄድክ፣ እንደሞትክ፣ እንደተነሣህም አምናለሁ። ኃጢአቴን ይቅር በለኝ። የበደሉኝን ይቅር እንድል ኃይል ስጠኝ። ስለ እኔ የደከሙትን እንዳልረሳ፣ ደካማውንም እንዳልበድል አድርገኝ። ከዛሬ ጀምሮ የአንተ ነኝ። አሜን።"

ይህን ጸሎት ከጸለይክ ለብቻህ አትቀመጥ። በአቅራቢያህ ወዳለች የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ሂድና ለአንድ ሽማግሌ ንገር። ምናልባት ግን ከዚያ በፊት ቤት ገብተህ ልትነግራት የሚገባህ እናት ትኖርህ ይሆናል። መጀመሪያ ወደ እሷ ሂድ።

ይህን ወረቀት አንብበህ ስትጨርስ አትጣለው፤ ለሌላ ሰው ስጠው። ጌታ ይባርካችሁ።